ቅጠል ሸምጣጯ

ደግሞ የምታነበው በብርነሽ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ከብርነሽ ደብተር፣ ሽፋኑ ላይ የክትባት መዝገብ ተብሎ ከተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ስለ ፍቅር የሚናገረው ምዕራፍ ከነማብራሪያው በሰማያዊ እስክሪብቶ ከተገለበጠበት፣ አራት ቀን የፈጀ ግልበጣ፣ ክሊኒኩ ጭር እስኪል እየጠበቀች፣ መርፌ እየቀቀለች፣ አንድ ዓይኗ በሩ ላይ፣ ያ ሁሉ ዛሬ ውስጥ ከምታስተምረው ከፈለቀች አፍ እየወጣ የፈለቀች ሆኗል። ይሁንላት። ብርነሽ የበሩ ደፍ ላይ በርጩማ ስባ ተቀምጣ ጫት ትሸመጥጣለች።

የሚቅመው የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጭሮ ውስጥ እሁድ ከሰዓት ሰባት ሰው በአንድ ክፍል በር ገርበብ አድርጎ ከተቀመጠ ወይ ይቅማል ወይ ያሤራል፣ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ደግሞ ጴንጤ ሆኖ መሰብሰብ ከሤራው ወገን ነው፣ ስለዚህ የኅብረቱ መሪ ጋሽ አያና ከአምስት ዓመት በፊት፣ እንግዲያው እንቅማ አሉ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እሳቸው አልሳቁም። ፍራሽ ተነጠፈ። ፔርሙስ ሻይ፣ የውሃ ጆግ፣ ከጫት ሻጯ ከሀሊማ የተገዛ ሁለት ዙርባ ጫት። የቃሚ ጉባኤ፣ በርጫ ሆነ። ከውጭ ላየው ደህና የጭሮ በርጫ፣ ከውስጥ ጸሎት በሹክሹክታ፣ መዝሙር በትንፋሽ። እና ይህን በርጫ በርጫ የምታስመስለው ማን ናት። ብርነሽ ናት። በሩን የምትጠብቀው ማን ናት። እሷው ናት።

ሙያ አለው። ገረባ፣ ቃሚ ለስላሳውን በልቶ የሚጥለው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት፣ ዝም ብሎ አይገኝም፣ ቀንበጡን ቆርጠሽ ትደብቂያለሽ፣ ጠንካራውን በየሰዉ ፊት ትበትኛለሽ፣ ለወፍራም ሰው ብዙ፣ ለቀጭን ትንሽ፣ የክሊኒኩ ዘበኛ ሲቅም ስንት ቀን ቆማ አይታ ነው የተማረችው፣ ምን ታፈጪብኛለሽ እኅቴ ልስጥሽ እንዴ እስኪላት። ቀንበጡ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሽንት ቤት ይገባል። የገለምሶ ገበሬ ቢያይ ያለቅሳል።

ሰው ያለ ዓላማ አልተፈጠረም፣ አሉ ጋሽ አያና ባለፈው ወር፣ እያንዳንዳችን የተጠራንበት አለ፣ ጥሪውን ያላወቀ ክርስቲያን መንገድ ዳር እንደቆመ የጭነት መኪና ነው፣ ተጭኗል፣ አይሄድም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ብርነሽም ነቀነቀች፣ ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነው። ጌታ ሆይ ለጫት ነው የፈጠርከኝ። ከነቀምቴ አውጥተህ፣ በጤና ረዳትነት አስመርቀህ፣ ይህን ሁሉ አገር አሻግረህ፣ ኦሮምኛዬን እየሰሙ የሚስቁብኝ አገር አምጥተህ፣ የወለጋ ኦሮምኛ ለታማሚ ጥሩ ነው ቀስ ስለሚል ያሉኝ አገር፣ ቅጠል እንድሸመጥጥልህ።

አልቀናችም። ይህ ቅናት አይደለም። ለኅብረቱ ያላት ሸክም ነው።

ከውስጥ የፈለቀች ድምፅ ይመጣል፣ ከፍ አይልም፣ ዝቅ አይልም፣ ፍቅር ይታገሣል ትላለች፣ መታገሥ ማለት መጠበቅ አይደለም ትላለች፣ መጠበቅማ በሬም ይጠብቃል። ሰው ይስቃል። ይህ ደብተሩ ውስጥ የለም። ከራሷ ነው የጨመረችው። ብርነሽ የጻፈችውን እያነበበች ያልተጻፈውን ትናገራለች፣ ያ ነው የሚያናድደው፣ ብርነሽ ስታነብ የተጻፈውን ታነባለች፣ በትክክል፣ በነጠላ ሰረዙ ቆማ፣ ተሻለ ያንቀላፋል። ይቅርታ እኅት ብርነሽ መንገድ በዝቶብኝ ነው ይላል፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ አንገቱ እንደ ግንድ፣ ዛሬም ከሐረር ነው የገባው፣ መንገዱ ዛሬም ያው መንገድ ነው፣ ዛሬ ግን አያንቀላፋም፣ አፍንጫውን ይናፈጣል። አባቱ ሲሞት አላለቀስኩም ያለ ሰው።

እና ማን አመጣት። ስምንት ወር ሆነ፣ ወባ ይዟት ክሊኒክ መጣች፣ አዲስ የተመደበች አስተማሪ፣ ከሆሳዕና፣ አንድ ሻንጣ፣ ሰው የሌላት፣ ብርነሽ ክኒኑን ስትሰጣት ከንፈሯ እንቅስቅስ አለ፣ ሳትጸልይ የማትውጥ ሰው፣ ብርነሽ ገባት፣ ዙሪያዋን አየችና በቀስታ፣ አሜን አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ብርነሽ ወደ ቤቷ ወሰደቻት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ላቧን ጠረገች፣ አጥሚት አጠጣች፣ እህቴ ነሽ አለቻት፣ ከልቧ ነበር፣ ያን ጊዜ ከልቧ ነበር። ሰው ታሞ ተኝቶ ሳለ መውደድ ምን ይከብዳል። የሚከብደው ሲነሣ ነው።

ተነሣች። ጸልዪ ሲሏት ጸለየች፣ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ከዚያ ወዲህ እኅት ፈለቀች እንዲህ አለች፣ እኅት ፈለቀች ምን ትያለሽ፣ እኅት ፈለቀች ጸጋ አላት። ጸጋ። ብርነሽ ምን አላት። በርጩማ።

ዛሬ ደግሞ ዛሬ ነው። ጋሽ አያና ወደ ገለምሶ ተዛውረዋል፣ እርሻ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤውን ከሰጣቸው ሳምንቱ፣ ማክሰኞ ይሄዳሉ፣ ከትምህርቱ በኋላ ኅብረቱን ማን እንደሚይዝ እነግራችኋለሁ ብለዋል። የሚይዝ ሰው የሁሉንም ስም ይይዛል፣ አንዷን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማሽላ ጎተራ ውስጥ የተደበቀችዋን፣ እሷን ይይዛል፣ ማን ምን እንደሚያስተምር እሱ ይወስናል። አምስት ዓመት። አንድ እሁድ አልቀረችም። በእሷ ዘመን አንድ ሰው አልተያዘም። ሂርና ላይ አምስት ሰዎች ሲያዙ፣ እነዚያ እኮ በርጫ የላቸውም፣ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት፣ ጠባቂ የላቸውም፣ ብርነሽ የላቸውም። ታዲያ ማን ይገባዋል። ማንም ሰው ቢጠየቅ። ግን ጋሽ አያና ሐሙስ ፈለቀችን ለብቻ ጠርተው አናገሩ፣ ብርነሽ ከመስኮት አየች፣ ፈለቀች አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር፣ ሰው ትልቅ ነገር ሲሰጠው እንደዚያ ነው አንገቱን የሚደፋው።

ደግሞ የዛሬውን ትምህርት ለእሷ። የመጨረሻውን።

ቅጠል። እንጨት። ቀንበጥ ወደ ጨርቁ።

ብርነሽ ግን አንድ ነገር ይዛለች። ጠዋት ነው ያገኘችው፣ ከአዴ ሞሚና፣ ቤት አከራይዋ፣ የሚሰበሰቡበት ግቢ የእሷ ነው፣ ጫት ትነግዳለች፣ ሦስት ፍየል አላት፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ነገር የምታየው በሁለት ሰው ዓይን ነው። ብርነሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ አቺ ዶክተራ፣ አለቻት፣ ያቺ አዲሷ አስተማሪሽ ጤነኛ ናት፣ ምነው አዴ፣ ሐሙስ ለት ጫት ጣለች፣ ወላሂ፣ ዙርባ ሙሉ፣ ከነኮባው፣ ሳይፈታ፣ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ፣ ፍየሎቼ አግኝተውት ሲጨፍሩ ዋሉ። ጠውልጎ ይሆናላ፣ አለች ብርነሽ። ጠዋት ከሀሊማ የተገዛ ጫት ማታ ይጠወልጋል፣ አለች ሞሚና፣ ይህ ጫት ነው ወይስ ጎመን፣ እኔ ጥርሴን የነቀልኩት ጫት ላይ ነው፣ ጭሮ ውስጥ ሰው ልጁን ይጥላል ዙርባ አይጥልም። ሳቀች። ብርነሽም ሳቀች፣ ጫቱ ፈለቀች ለሰው ዓይን ብላ የገዛችው ነው። ሴትዮዋ ታውቅ ይሆን። አታውቅም። ካወቀች። እነዚህ ሰዎች ጫት ገዝተው አይቅሙም ብላ ለአንድ ሰው ብትናገር፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ አለቀ።

እና ለምን ሮጣ ለጋሽ አያና አልነገረችም። ጠዋት ነበር፣ ጊዜ ነበረ፣ የዛሬውን ስብሰባ መሰረዝ ይቻል ነበር። አልነገረችም። ረስታው አይደለም፣ ይዛው ነው። እንደ ሎሚ ከረሜላ ጉንጯ ሥር ይዛዋለች፣ ቀኑን ሙሉ እየመጠጠችው። የምትናገርበትን ሰዓት እንኳ መርጣለች፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ፣ ጋሽ አያና ጉሮሯቸውን ጠርገው ስም ሊጠሩ ሲሉ፣ በቀስታ፣ በፍቅር፣ ለወንድሞችና ለእኅቶች ደኅንነት ስል አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ፣ እኅት ፈለቀችን ለመንቀፍ አይደለም፣ ገና አዲስ ናት፣ የአገሩን ልማድ አታውቅም፣ ግን። ግን የሚለውን ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሚሆን ሦስት ጊዜ ሞክራዋለች። ጣፋጭ። በጣም ጣፋጭ።

ይህ ቅናት አይደለም ብለሻል። ብያለሁ።

የቀበሌው መንገድ ጭር ብሏል፣ ጠዋት ስብሰባ የዋለ ሰው ከሰዓት ይተኛል ወይ ይቅማል፣ አስፋልቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፣ አጠገቧ ደፉ ላይ ሬዲዮው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ኳስ ያስተላልፋል። ሬዲዮው ምልክት ነው። ሰው ወደ ግቢው ሲመጣ ካየች ድምፁን ትለቀዋለች፣ ውስጥ ያሉት ደብተሩን ፍራሽ ሥር ከተው ቅጠል ጉንጫቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ተሻለ ስለ መኪና ፍሬን ማውራት ይጀምራል። አሥራ አንድ ጊዜ ለቃዋለች በአምስት ዓመት። አሥራ አንዱንም ማንም አመሰግናለሁ አላላትም፣ ጌታ ይመስገን ነው ያሉት፣ ጌታ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ይመስል።

ቸርነት ያደርጋል፣ ትላለች ፈለቀች። እኔ እዚህ ከተማ ስመጣ ሰው አልነበረኝም፣ አንዲት እኅት አነሣችኝ።

ስሜን አትጥሪ። እባክሽን ስሜን አትጥሪ።

አትጠራውም። ይህም ያናድዳል።

ቆብ።

ከአጥሩ ቆርቆሮ በላይ ካኪ ቆብ ይሄዳል፣ ወደ ጎን የተደፋ፣ እንዲያ የሚደፋ አንድ ሰው ነው፣ አብዮት ጥበቃው በክሪ። ቆሟል። ያዳምጣል። የብርነሽ እጅ ሳታዘው ወደ ሬዲዮው ሄዷል፣ ጣቷ መዞሪያውን ይዟል፣ ከውስጥ ፈለቀች፣ ፍቅር አይቀናም ትላለችና ትቆማለች፣ ዝም ትላለች፣ ይህን ዝም ማለት ከየት ተማረችው፣ ሰው ሁሉ የራሱን ልብ እንዲያይ ጊዜ የምትሰጥበትን ይህን ዝምታ፣ አዙሪው ብርነሽ፣ ውስጥ አንድ ሰው እህ ብሎ ይተነፍሳል፣ ቅናት ማለት ሌላው የበላውን ከአፌ የተነጠቀ አድርጎ መቁጠር ነው ትላለች ያቺ ድምፅ፣ አዙሪው፣ ቆይ። ይስማት። እሷን ብቻ ይስማት፣ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው፣ የእኔ ድምፅ እዚያ ውስጥ የለም፣ እኔ ደጅ ነኝ፣ ጫት ይዣለሁ፣ ምን ያደርጓታል፣ አስተማሪ ናት፣ ያዛውሯታል፣ መሰላ ይልኳታል፣ ገጠር፣ እዚያ ታስተምር፣ ጸጋ አላት አይደል፣ አይነኳትም፣ ሴት አይገርፉም። ይገርፋሉ። የእነዚያን የሂርናዎቹን ውስጥ እግር ማን ነው ያጠበው፣ ማን ነው በፋሻ ያሰረው፣ አንዷ ሴት ነበረች፣ እህቴ ቀስ ብለሽ ያለችኝ ሴት ነበረች፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁና ጣቴ አይዞርም። አንድ ትንፋሽ። ሁለት። ቆቡ ወደ በሩ ይመጣል። ሦስት።

ያ በክሪ፣ ኮቱ።

አዴ ሞሚና ናት፣ ከፍየሎቹ በረት እየወጣች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ና ትለዋለች፣ ድምፅዋ ግቢውን ይሞላል፣ የውስጡ ድምፅ ቁርጥ ይላል። ምን ሆነህ ነው እንደ ፍየል አጥሬ ላይ የምታንጋጥጠው። ድምፅ ሰማሁ አዴ፣ ይላል በክሪ በሩን ገፍቶ እየገባ፣ ሰው የሚሰብክ ዓይነት። ሞሚና አጨብጭባ ትስቃለች። አስተማሪዋ እኮ ናት፣ የጫቱ መርቅና ነው፣ አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሹፌር ሲመረቅን መንገድ ያወራል፣ ነጋዴ ሲመረቅን ሕንጻ ይሠራል፣ አስተማሪ ሲመረቅን ያስተምራል፣ አንተ ስትመረቅን ጠላት ፍለጋ አጥር ለአጥር አይደል የምትዞረው። በክሪ ሳይወድ ይስቃል። ስለ ምንድን ነው የምታስተምረው። ስለ ፍቅር ነዋ። ወይ ጉድ፣ ባል የላትም እንዴ። የላትም፣ ላንተ ግን አትሆንም፣ ቁመትህ ከጠመንጃህ ያንሳል።

ስለ ፍቅር። ብርነሽ ትሰማለች። ስለ ፍቅር መሆኑን ሴትዮዋ በምን አወቀች።

ጓድ ሐኪም፣ ይላታል በክሪ ወደ እሷ ዞሮ፣ ጠዋት የቀበሌው ስብሰባ ላይ አላየሁሽም። ተረኛ ነበርኩ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል። ጭኗ ላይ ያለውን ያያል፣ እንጨቱን፣ ሸካራውን ቅጠል፣ በበሩ ክፍተት ፍራሹ ላይ የተበተነውን ገረባ፣ ያያል፣ ጥሩ ገረባ ነው፣ ሙያ ያለው ገረባ ነው። ምን ያፈዝሻል አንቺ፣ ትላለች ሞሚና፣ ጀባ በይው እንጂ። ብርነሽ ጨርቁን ትፈታለች፣ ሽንት ቤት ሊገባ የነበረውን ቀንበጥ፣ ለስላሳውን፣ ቀዩን፣ እፍኝ ሙሉ ትሰጠዋለች፣ በክሪ ዓይኑ ይበራል፣ ይህንን ለራስሽ ደብቀሽ ነው አይደል፣ ይላል፣ አራዳ ነሽ። ጉንጩን ወጥሮ ይወጣል። ቆቡ በአጥሩ ላይ ወደ ታች ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጠፋ።

ያ ሬዲዮ ዛሬ ምነው ሳይጮህ ቀረ።

ሞሚና ናት፣ በቀስታ፣ ወደ ብርነሽ ሳታይ፣ መሬት ላይ የወደቀ እንጨት ለፍየሎቿ እየለቀመች። ብርነሽ ጨርቁን መልሳ ትጠቀልላለች። ባትሪው ነው አዴ። እህ። ሞሚና ትለቅማለች። አምስት ዓመት ሰው ሲመጣ ይጮህ ነበር፣ ዛሬ ባትሪው አለቀ። ቀና ትላለች። ያያት ዓይን ክፉ አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ታማሚ ሲዋሽሽ የምታይበት ዓይን ነው። እኔ ጋ ባትሪ አለ፣ ትላለች፣ ከፈለግሽ።

ፍየሎቿ ጋ ትመለሳለች።

ታውቅ ነበር። ጠዋት ስትነግረኝ ወሬ አልነበረም፣ አስጠንቅቂያት ስትለኝ ነበር፣ ልጅቷን አስተምሪያት፣ እንዲህ አይጣልም በይያት፣ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚናገረው በቀልድ ጠቅልላ፣ ካወቀች ስንት ዓመት ሆናት፣ ከንፈራችን አንድ ቀን አረንጓዴ ሳይሆን፣ ለስንት ሰው ነው ቃሚዎች ናቸው ያለችው፣ መስጊዷ ሄዳ ስትሰግድ የኛን ነገር ለማን ተናገረች፣ ለማንም። ደብተር የላትም። ምዕራፉን አላነበበችም። አራት ቀን አልገለበጠችውም። በክሪ ፊት ቆመች፣ ሦስት ፍየልና አንድ ግቢ ያላት ሴት፣ እኔ ተቀምጬ ሳለ። ተቀምጬ እኮ ነበር። እጄ መዞሪያው ላይ እያለ።

ውስጥ ፈለቀች ትምህርቱን ልትጨርስ ትሞክራለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ፈርታለች፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ብርነሽ ይህን ረስታው ነበር፣ ሃያ አራት። ሁሉን ተስፋ ያደርጋል፣ ትላለች፣ የጻፍሽው ነጠላ ሰረዝ ላይ ትቆማለች። ትምህርቱ ያልቃል። አሜን በትንፋሽ።

እኅት ብርነሽ ግቢ፣ ይላሉ ጋሽ አያና።

ትገባለች። ፍራሹ ዳር ቦታ ይለቁላታል፣ ጫት ጫት ትሸታለች፣ ተሻለ ዓይኑ ቀልቷል፣ ፈለቀች ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛለች። ጋሽ አያና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ይህ ሰዓት ነው። ያ ግን የሚለው ቃል ጉንጯ ሥር አለ፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ሆኗል። ለወንድሞችና ለእኅቶች ደኅንነት ስል። አትይውም።

ብዙ አልናገርም፣ ይላሉ ጋሽ አያና፣ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ሐሙስ ለት ፈለቀችን ጠርቼ፣ ማስተማርሽን ቀጥዪ፣ መያዙን ግን ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው፣ ቅር ይልሻል ወይ አልኳት። ማስተማር አንድ ነገር ነው፣ መጠበቅ ሌላ ነው። መጽሐፏንም፣ ስማችሁንም የምትይዘው ብርነሽ ናት። አንዳንድ ሰው ስለ ዓላማ ያወራል፣ አንዳንድ ሰው አምስት ዓመት በር ላይ ይቀመጣል። ደግሞ ዛሬ አይታችኋል፣ ሰውየው በር ላይ ሲመጣ ሬዲዮውን እንኳ አልነካችም፣ እኛን አላስደነገጠችም፣ በሳቅና በእፍኝ ጫት ሸኘችው፣ ይህ ጥበብ ነው፣ ይህ ከላይ ነው።

አሜን፣ ይላል ተሻለ።

ብርነሽ የፈለቀችን ፊት ታያለች። ትፈልጋለች፣ እንደ ቅማል በስፌቱ ሥር ትፈልጋለች፣ ጥቂት፣ ቅጫም የምታህል ቅሬታ፣ የተወጠረ ከንፈር፣ ዘግየት ያለ ፈገግታ። የለም። ልጅቷ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ደስ ብሏታል፣ ተነሥታ ትመጣለች፣ ታቅፋታለች፣ በጆሮዋ፣ እንዲያው ተመስገን እህቴ፣ ትላለች፣ እኔማ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ፀጉሯ የብርነሽ ሳሙና ይሸታል። አንድ ሳሙና ነው የሚጠቀሙት።

ያዢው። የፈለግሽው ነው፣ አምስት ዓመት፣ በሳህን ቀርቦልሻል፣ ማን ያውቃል፣ አንዲት ጫት ነጋዴ፣ እሷ አትናገርም፣ እሷ የሰው ነገር አታወጣም፣ ዛሬ አይተሽ የለ፣ ያዢውና ከነገ ጀምሮ ጥሩ ሁኚ፣ ንስሐ በልብ ነው፣ ለብቻሽ ግቢና ተንበርከኪ፣ ስንት ሰው እንዲህ አድርጎ ቅዱስ ሆኖ ሞቷል፣ አመሰግናለሁ በይ፣ አቅሜን አያለሁ በይ፣ ትንሽ አልቅሺ። ስማቸውን ሁሉ ትይዢያለሽ። ተሻለን። ፈለቀችን። እና አንድ ቀን ደግሞ ቆብ ይመጣል። ያን ቀንስ ጣትሽ ይዞራል ወይ።

ምን ትያለሽ እኅት ብርነሽ፣ ይላሉ።

ሲመጣ አይቼው ነበር።

ማንን፣ ይላሉ ጋሽ አያና፣ ገና ፈገግ እንዳሉ ነው፣ ፈገግታቸውን ታየዋለች፣ ደህና አድርጋ ታየዋለች። በክሪን፣ ትላለች፣ አጥሩ ጋ ሲደርስ አይቼዋለሁ፣ ቆሞ ሲያዳምጥም አይቼዋለሁ፣ እጄ ሬዲዮው ላይ ነበር፣ ጥበብ አይደለም ጋሽ አያና፣ ያዳነቻችሁ አዴ ሞሚና ናት፣ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ዝም አልኩ። ተሻለ ምንም አልገባውም፣ አፉን ከፍቶ ያያታል። ፈለቀች ግን ክንዷን ከትከሻዋ ላይ አላነሣችም፣ ገና አላነሣችም፣ ክንዷ ይሞቃል፣ ስለዚህ ብርነሽ ዞር ብላ በቅርብ ታያታለች፣ በአንድ ትራስ እንደተኙ ሰዎች ቅርብ።

እንድትያዥ ፈልጌ ነበር፣ ትላታለች።

ከዚህ በላይ የምትለው የለም፣ ምክንያት የላትም፣ ማብራሪያ የላትም፣ እንባም አይመጣም፣ ደረቷ ብቻ ባዶ ቤት እንደሆነ፣ ነፋስ እንደሚገባበት፣ ቀለል እንዳለ ይሰማታል፣ አንገቷን አትደፋም፣ ትጠብቃለች፣ የሚቀጥለው ቃል የእነሱ ነው።